የመኪናዬ ጥቅሻ

ሰው መብራት አጥቶ ሲቸገር አይታችሁ ይሆናል። እኔ ግን መብራት ጨምሬ ነው ጉድ የሆንኩት። ስትሰሙ ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ ከኮን እስከ ብልባላ ያልሳቀብኝ ሰው ካለ ወሬው ያልደረሰው ብቻ ነው።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና አለችኝ። ከኮን እህል ጭኜ ላሊበላ አራግፋለሁ፤ ከላሊበላ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭኜ ወደ ብልባላ እሄዳለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ ሚስት የለኝም። እናቴ «ከዚች ብረት ጋር ተጋብተህ ቀረህ» ትለኛለች። መኪናዋ ይህን ሰምታ መሰለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ካልተገፋሁ አልነሳም ትላለች።

ኮን ውስጥ አያ ደምሴ የሚባሉ የወፍጮ ቤት ባለቤት አሉ። ትብለጥ የእሳቸው ልጅ ናት። ወፍጮውን የምታስነሳውም፣ የምታጠፋውም፣ ሲበላሽ ፈትታ የምትገጥመውም እሷ ናት። ቅንድቧ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ዱቄት እያየሁ ስመላለስ ከ«ስንት ኩንታል ነው?» ያለፈ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደጃቸው ስደርስ ብቅ አለችና «አንተ ነህ እንዴ? መብራትህን ሳይ ኩራዝ የያዘ ሰው መጣ ብዬ ነበር እኮ» ብላ ሳቀች።

ጤነኛ ሰው ይህን ሳቅ ቢሰማ በማግስቱ ሽማግሌ ይልካል። እኔ መብራት ልቀይር ሄድኩ።

መጀመሪያ የመኪናዋን ፊት ቀለም ቀባሁ። ሰማያዊ። ሽማግሌዎቼን ይዛ ኮን ስትገባ እንድታምር ብዬ ነው። ሁለት ቀን በብሩሽ ስለቀልቅ ዋልሁ፤ ቀለሙ ሲተርፈኝ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ብረት፣ ብሎኑን ሳይቀር፣ ደግሜ ደጋግሜ ቀባሁት። እዚያ ማን ያየዋል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ የወደደ ሰው ብሎን ይቀባል።

ከዚያ ላሊበላ ሲሳይ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። ሲሳይ «ዜኖን ነው የሚያስፈልግህ» አለኝ። ዜኖን ማለት ያ ዓይን የሚያጠፋው ነጭ መብራት ነው፤ አምፖሉ ብቻውን አይበራም፣ ባላስት የሚሉት ትንሽ ሳጥን ከኋላው ይገባለታል። ሲሳይ ሳጥኖቹን ገጠመ፣ ማሳ የሚሉትን፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ጥቁር ገመድ ከመኪናዋ ብረት ጋር በብሎን አሠረ፣ እጁን ጠራረገና «አብራ» አለኝ። አበራሁ። ከፊት ለፊት ይመጡ የነበሩ አንዲት መነኩሲት ቀጥ ብለው ቆመው አማተቡ። እኔም ትብለጥ ይህን ብታይ ምን ትል ይሆን ብዬ በደስታ ሰከርኩ።

በማግስቱ መብራቱ መጥቀስ ጀመረ። ቦግ፣ ጥፍት። ቦግ፣ ጥፍት። ሲሳይ ዘንድ ተመለስኩ፤ «ባትሪህ ነው» አለ፣ ባትሪ ቀየርኩ። «ዲናሞህ ነው» አለ፣ ዲናሞው ወረደ፣ ተፈታ፣ ታሰረ። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሳይ ፊት ሳበራው ግን ሳይጠቅስ እንደ በራ ቀረ። ጥርሱን የሚያመው ሰው ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ ይሻለው የለ? እንደዚያ ነው የሆነው። እኔም ዳነ ብዬ ሽማግሌዎቼን ለእሑድ ቀጠርኩ።

እንግዲህ ሽምግልና ደንብ አለው። ሽማግሌ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሄደው፤ ደጅ ቆሞ፣ ተቀመጡ ሲባል አንቀመጥም ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው ጉዳዩን የሚናገረው። አግቢው ደግሞ በዚያ ቀን በዚያ ሰፈር ጥላውም አይታይም። ስለዚህ ኮን መግቢያ ባሕር ዛፉ ጋ አውርጃቸው እኔ ሻይ ቤት ልደበቅ ተስማማን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የደብራችን መሪጌታ፣ አጎቴ አያ ሞላ፣ እና አንድ ዝምተኛ ጎረቤቴ። ጋቢናው ለሁለት ሰው ነው የተሠራው። መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ ጎረቤቴ ግማሽ ጎኑን በሩ ላይ ለጥፎ፣ አያ ሞላ ማርሹን እንደ ልጅ ታቅፈው ነው የሄድነው።

መስከረም ሊያልቅ ነበር፤ ክረምቱ ግን ጋሸና ላይ እግሩን ዘርግቶ እንደ ተቀመጠ ነው። ከጋሸና ስንወጣ ጉሙ ዋጠን። የራሴን የመኪና አፍንጫ አላየውም። መብራት አበራሁ። ቦግ፣ ጥፍት። ቦግ፣ ጥፍት።

መንገድ የማያውቅ ሰው ቢኖር እኛ ሹፌሮች በመብራት እንደምንነጋገር ልንገረው። ከፊት የሚመጣ መኪና አንድ ጊዜ ቦግ ካደረገ ሰላምታ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረገ «ወደፊት ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ሳያቋርጥ ካብለጨለጨ ደግሞ ሠርግ ነው፤ ያየ ሁሉ ክላክስ ይነፋለታል። የኔ መኪና ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ትናገር ጀመር።

የመጀመሪያው ሰለባ አንድ ሚኒባስ ነበር። አየኝና ፍሬን ያዘ፤ በሩ ተከፈተ፤ አምስት ትርፍ ተሳፋሪዎች ጉሙ ውስጥ ወረዱ። አንዲት ዶሮ የታቀፉ እናት «ኸረ ምን በደልን!» እያሉ በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ሹፌሩ አጠገቤ ሲደርስ መስኮት አወረደ።

«የት ጋ ናቸው?»

«እነማን?»

«ትራፊኮቹ ናቸዋ!»

«ኸረ ማንም የለም።»

«እና ምን ሆነህ ነው የምትጠቅሰኝ?»

ይቅርታ ብዬ አለፍኩ። ኋላዬን በመስታወት ሳይ እናትየው ከነዶሯቸው ወደ ሚኒባሱ እየሮጡ፣ እኔን እየረገሙ ነበር።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ይህ ነገር ይጠቅሳል እኮ። ጥቅሻ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም።»

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«አጥፋዋ።»

አጠፋሁት። ወዲያው አያ ሞላ «ገደል! ገደል!» ብለው ማርሹን ይዘው ጮኹ። መልሼ አበራሁት። ባጠፋው ገደል፣ ባበራው ሠርግ። ገደል ከሚሆን ሠርግ ይሁን አልኩ፤ ዛሬ ሳስበው ገደሉ ይሻለኝ ነበር።

ኮን ልንደርስ ስንል ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጠላ የለበሱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውታል። አዲስ ቀለም የተቀባች መኪና ስታብለጨልጭ አዩ፤ ጋቢናው ውስጥ ጥምጣም የጠመጠሙ መሪጌታ ተቀምጠው አዩ። ሌላ ምን ይበሉ? እልልታው ቀለጠ። ከኋላዬ የነበረ ሚኒባስ ክላክሱን ነፋ። ሦስት ባጃጆች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ከበቡኝ። ባሕር ዛፉ ጋ ልቆም ፍጥነት ስቀንስ አንዱ ባጃጅ በጎን መጣና «ወዴት ነው ሠርጉ?» ብሎ ጮኸ። አያ ሞላ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አልሞቱም ግን ይማረው፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ወደ ደምሴ ወፍጮ ቤት!» አሉት።

አለቀ። ባጃጁ ከፊት ሆኖ መራን።

አያ ደምሴ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ደጃቸው ላይ ቆመው ደረስንባቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ጆንያ ተራ በተራ ከጋቢናው ወረዱ። እኔ እንዳልታይ ከመሪው ሥር ጎንበስ ስል ግንባሬ ክላክሱ ላይ አረፈ። ጧ! አለ፤ ሕዝቡም እልል አለ።

«እንደምን አደራችሁ» አሉ አያ ደምሴ በጣም ቀስ ብለው። «ሙሽራዋ ማናት?»

«የርስዎ ልጅ ናታ!» አለ ባጃጁ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ደፉ። «አያ ደምሴ፣ እኛስ ለጥያቄ ነው የመጣን።»

«በእናንተ አገር ጥያቄ በእልልታ ነው እንዴ፣ መሪጌታ? እኛ የዋድላ ሰዎች ጠይቀን ነው ኋላ እልል የምንለው። ያ እዚያ ውስጥ የተቀበረው ማነው?»

«ሙሽራው ነው!» አለ ያው ባጃጅ። ምላሱን ይቁረጠውና ምን አድርጌው ነው?

ቀና አልኩ። የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ትብለጥ ቆማለች። ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ። ሻሿን ይዛ አፏን ሸፍናለች፤ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አልቻልኩም።

«ለመዳር የደረሰች ልጅ የለችኝም» አሉ አያ ደምሴ። «በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ።»

በመልሱ መንገድ ጋሸና ስንደርስ ጉሙ ገፈፈና መብራቱን አጠፋሁት። መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ በዚች መኪና ዳግመኛ ለሽምግልና አልሄድም። ወይ መብራቷን አሠራና ጥራን፣ ወይ በአውቶቡስ ላከን።»

እዚህ ጋ ነው፣ ወዳጆቼ፣ ሕይወቴ የተበላሸችው። «በአውቶቡስ» ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ባለመኪና ሆኜ ሽማግሌዎቼን በሰው አውቶቡስ? ያን ያህል ሰው ፊት ከተዋረድኩ በኋላ? በራሴ መኪና፣ በራሴ መብራት፣ ቀጥ ብዬ ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ጥቅምት ሙሉ መብራት ሳሠራ ከረምኩ። ሲሳይ ባላስቱን ቀየረ። ሪሌ የሚሉትን ሌላ ሳጥን ጨመረ። ተስፋ ቆርጬ ጋሸና ያለ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰድኳት፤ እሱም የሲሳይን ሥራ አይቶ ከንፈሩን መጠጠና ገመዱን ሁሉ ቆርጦ እንደገና ዘረጋው። ከዚያ ወዲህ ፍሬቻ ሳበራ ዝናብ መጥረጊያው ይነሳል፤ ክላክስ ስነካ የጋቢናው መብራት ይጠፋል። የፊት መብራቱ ግን እንደ ጥንቱ ይጠቅሳል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ያየኝ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ገመዱ ቀጭን ነው ይላል፣ አንዱ አምፖሉ ውሸት ነው ይላል። እናቴ ቡዳ ነው ብላ መሪጌታን መኪናዋ ላይ ጠበል አስረጨቻቸው። ብታምኑም ባታምኑም የዚያን ዕለት መብራቱ ረጋ! ሲደርቅ ግን ተመለሰ። ሲሳይ በዚህ ተቀይሞ ሦስት ቀን አላናገረኝም።

ኅዳር ላይ ከብልባላ ገበያ ስመለስ ደግሞ አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት ከፊቴ መጡ። ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው፤ ደንገዝገዝ ብሏል። መብራቱ ቦግ ሲል አህዮቹ ይራመዳሉ፤ ጥፍት ሲል ቀጥ ይላሉ። ቦግ፣ አንድ እርምጃ። ጥፍት፣ ቀጥ። መጨረሻ ላይ ኋለኛው አህያ ከፊተኛው ጋር ተጋጨና አንድ ጆንያ ሽንኩርት መንገዱ ላይ ተዘረገፈ። ወርጄ ተንበርክኬ ስለቅም አዛውንቱ አናቴ ላይ ቆመው «ወይ አብራው፣ ወይ አጥፋው! ምን ዓይነት ሰው ነህ፣ አንድ ነገር የማትቆርጥ!» አሉኝ። ሽንኩርት ስለሆነ እንባዬን ማንም አላወቀብኝም። እንደዚያ አዛውንት ጠንቅቆ ያወቀኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ታኅሣሥ ሲገባ እህል ጫን ተብዬ ኮን ሄድኩ። አልሄድም ልል ነበር፤ ግን ከሽምግልናው ወዲህ ስሸሽ ከርሜ ሌላ ሰው ሥራዬን ሊወስደው ሆነ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ስደርስ ትብለጥ ብቻዋን ነበረች። መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች።

«አሁንም ይጠቅሳል?»

«ይጠቅሳል።»

«እስኪ አብራው።»

አበራሁ። ጎንበስ ብላ ከመብራቱ ጀርባ እጇን ሰደደች። የጆንያ ክር የምትቆርጥበትን ቢላዋ ከወገቧ አወጣች፤ ማሳውን ፈታችና ብሎኑ ያረፈበትን ብረት ፋቀችው። ሰማያዊ ቀለም እየተቀረፈ መሬት ወረደ። መልሳ አሠረችው። መብራቱ ቦግ አለ፤ እንደ በራ ቀረ። ቆጠርኩ፤ መቶ ድረስ ቆጠርኩ። አልጠፋም።

«የወፍጮው ሞተርም እንዲህ ያደርገኝ ነበር» አለች ቢላዋዋን እየጠረገች። «ማሳ ባዶ ብረት ካልነካ አይረጋም። እዚህ ላይ ቀለም የቀባው የትኛው ጅል ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ላንች ብዬ።»

ቢላዋዋን ወገቧ ላይ መልሳ ሻጠችው። ሊያጌጡ ይመላለጡ ሲባል እሰማ ነበር፤ ተረቱ ለእኔ እንደ ተሠራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ባላስት፣ ጠበል፤ ሁሉም በአንድ ቢላዋ ጫፍ የሚያልቅ ነገር ነበር።

«ሽማግሌዎችህ ለምን ሳይመለሱ ቀሩ?» አለችኝ ድንገት።

«መብራቱ እስኪሠራ ብዬ።»

«አባባ እኮ መጀመሪያ ማንንም እምቢ ነው የሚለው። የእህቴን ባል አራት ጊዜ ነው የመለሰው። የዚያን ቀን ማታ ሲስቅ ነው ያመሸው፣ 'እንዲህ ያለ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም' እያለ። እኔም ይመለሳሉ ብዬ እሑድ እሑድ ደጁን ስጠርግ ከረምኩ።»

የላስታ ሰው፣ የዋድላ ሰው፣ የትም ያለ ሰው የመጀመሪያው እምቢ እምቢ እንዳልሆነ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር! ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ሽማግሌ አመላልሼ! ለራሴ ሲሆን ነው የጠፋብኝ።

«አሁንስ? ነገ ልላክ? ዛሬ ልላክ?»

አንገቷን ነቀነቀች። «ጋሸና የሚያስተምር አንድ መምህር ጠየቀኝ፤ ሽማግሌዎቹ ከጋሸና እዚህ ድረስ በእግራቸው መጡ። በጭቃ። ሦስት ጊዜ። አባባ ባለፈው እሑድ ቃሉን ሰጠ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። የእኔ መብራት ፊቴ ቆሞ ቀጥ ብሎ ይበራ ነበር። ማጥፋቱንም ረስቼው እህሉን ጫንኩ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። አያ ደምሴ ራሳቸው ላሊበላ ድረስ ሰው ልከው አጃቢውን በእኔ መኪና ካልጫንኩ ቂም ይዟል እንደሚሉኝ አሳወቁኝ። እምቢ ብል ቅናት ነው ሊባል ነው፤ እሺ ብል ደግሞ የሚያቃጥለኝ የራሴ ልብ አለ። ሄድኩ። ከኋላ አጃቢው እየጨፈረ ተጫነ። ሙሽራዋ ከፊት ባለች መኪና ገባች፤ ቅንድቧ ላይ ዱቄት አልነበረም። እኔ አሁንም ድረስ ያ ነው የሚቆጨኝ።

ልንነሳ ስንል አያ ደምሴ መጥተው መስኮቴን ያዙ። ያው ደጅ ነው፣ ያው ጋቢ። እንባቸው ሞልቷል፤ የአባት ነገር። መብራቴን አዩት፤ በቀን ብርሃን ቀጥ ብሎ፣ ነጭ ሆኖ በርቷል።

«ተሠራች እንዴ?» አሉኝ።

«ተሠራች፣ አያ ደምሴ። ልጅዎ ናት የሠራቻት።»

ክንዴን መታ መታ አደረጉኝ። «በል እንግዲህ አብለጭልጫት፣ ልጄ። ዛሬ ደንቡ ነው።»

ጣቴን ማብሪያው ላይ አሳረፍኩ። ከኮን እስከ ጋሸና፣ በገዛ እጄ፣ ቦግ፣ ጥፍት፣ ቦግ፣ ጥፍት እያደረግሁ ሸኘኋት።